በገዛ ቤት እንግዳ

እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1972 የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን በዳላስ፣ ቴክሳስ ሲያካሂድ ከተናጋሪዎቹ አንዱ ፊቱን ሸፍኖ መድረክ ላይ ወጣ። ረጅምና ግዙፍ ሰው ነው፤ የለበሰው ቶክሲዶ ግን ለእሱም ሰፍቶት ተንዘላዝሏል። ራሱ ላይ ዊግ ደፍቷል። ፊቱ ላይ ያጠለቀው የጎማ ጭምብል የፕሬዚዳንት ኒክሰንን መልክ አጣሞ የሚያሳይ ነው። ማይክሮፎኑም ድምፁን እንዲለውጥ ሆኖ ተዘጋጅቷል። ለታዳሚው የተዋወቀው «ዶክተር ኤች አኖኒመስ» በሚል ስም ነበር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ለመናገር ነው፤ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅር ሰው መሆኑንና የአእምሮ ሐኪም መሆኑን። በአዳራሹ የተቀመጡት ባልደረቦቹ የሚሠሩበት የምርመራ መጽሐፍ እንደ እሱ ያለውን ሰው ሕመምተኛ ብሎ መዝግቦታል። ሐኪም ሆኖ «እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ» ያለ ሰው ደግሞ እስከዚያች ቀን በዚያ ጉባኤ ላይ አልታየም።

መድረኩን ያሰናዳችው ባርባራ ጊቲንግስ የምትባል የመብት ታጋይ ናት። በመጀመሪያ የተጋበዙት ተመሳሳይ ጾታ የማያፈቅሩ ሐኪሞችና ሐኪም ያልሆኑ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ነበሩ። ሁለቱንም የሆነ ሰው ያስፈልጋል ያለችው የሕይወት አጋርዋ ኬይ ላሁሰን ናት። ጊቲንግስ ለምታውቃቸው ሐኪሞች ሁሉ ደወለች፣ ጻፈች፤ አንዱም ደፍሮ እሺ አላለም። በመጨረሻ የተገኘው ጆን ፍራየር የተባለ የ34 ዓመት ሐኪም ሲሆን፣ እሱም የተስማማው ፊቱም ድምፁም እንዳይታወቅ ከተደረገ ብቻ ነው። እምቢ ያሉት ሐኪሞች የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ጊቲንግስ ስማቸውን ሳትጠራ በዚያው መድረክ ላይ አነበበቻቸው። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ከታወቀብኝ እንጀራዬ ይቋረጣል።

የፍራየር እንጀራ አስቀድሞም ተቋርጦ ያውቃል። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የስፔሻላይዜሽን ትምህርቱን ሲከታተል ማንነቱ ሲታወቅ እንዲለቅ ተደርጓል። በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ በዚያ ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሲያዳምጠው ከነበሩት አንዱ ከሌላ ሥራ ያባረረው ሰው ነበር። ሰውዬው ከጭምብሉ በስተጀርባ ማን እንዳለ አላወቀም።

ፍራየር ለባልደረቦቹ የነገራቸው በጉባኤው ላይ እንደ እሱ ያሉ ከመቶ በላይ ሐኪሞች ተመዝግበው እንዳሉ ነው። በየዓመቱ ጉባኤው ሲካሄድ ተደብቀው ይገናኛሉ፤ ቀን ቀን ግን እንደማይተዋወቅ ሰው ይተላለፋሉ። ሥራቸውን ላለማጣት ከሌላው ሐኪም እጥፍ ይደክማሉ፣ የሚናገሩትን ቃል ሁሉ ይመዝናሉ። ከሥራና ከማዕረግ ይልቅ አብልጦ የጠቀሰው ኪሳራ ግን ሌላ ነበር፤ ሰው ሆኖ በእውነት መኖር አለመቻል። ሲጨርስ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት። በ1973 መጨረሻ የማኅበሩ ቦርድ ተመሳሳይ ጾታን ማፍቀርን ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር አወጣው። ውሳኔውን የተቃወሙ አባላት ድምፅ ይሰጥበት ብለው በ1974 ቢያስደርጉም 58 በመቶው አጸናው። ፍራየር ያ ጭምብል ያጠለቀ ሰው እሱ እንደነበር በይፋ የተናገረው ግን በ1994 ነው። ከዝርዝሩ ከተሰረዘ በኋላ እንኳ ሃያ ዓመት ያህል ዝም ብሎ ኖሯል።

ያን ዝምታ ለመረዳት የዘመኑን ሁኔታ ማሰብ ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1953 ባወጡት ትእዛዝ እንዲህ ያለ ሰው በፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት እንዳይቀጠር ተከልክሎ ነበር። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ወንጀል ነበር፤ ቴክሳስ ውስጥ ሕጉ የተሻረው በ2003 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ሆስፒታሎች ደግሞ «ለመፈወስ» ብለው የኤሌክትሪክ ንዝረትና የሚያስመልስ መድኃኒት ይጠቀሙ ነበር።

ሳይንሱ ግን ከዳላስ ጉባኤ አሥራ አምስት ዓመት አስቀድሞ የሚናገረው ነገር ነበረው። በሎስ አንጀለስ የምትኖር ኤቭሊን ሁከር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሳች። እስከዚያ ድረስ ሐኪሞች ያጠኑት በእስር ቤትና በሕክምና ክፍል ያገኟቸውን ሰዎች ነው። እስር ቤት ያለን ሰው አጥንቶ «እንዲህ ያለው ሁሉ እንደ እሱ ነው» ማለት ምን ዓይነት ዕውቀት ነው? ሁከር ሥራቸውን የሚሠሩ፣ ሕክምና ያልጠየቁ 30 ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶችን ከሌሎች 30 ወንዶች ጋር በዕድሜና በትምህርት አጣመረች። የምታነጋግራቸው በገዛ ግቢዋ፣ አትክልቱ መሐል ባለች ክፍል ውስጥ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ መታየት ለብዙዎቹ አደጋ ነበርና። በዘመኑ ትልቅ እምነት የተጣለበትን የሮርሻክን የቀለም ጠብታ ፈተና ጨምሮ ልዩ ልዩ መመዘኛዎችን ሰጠቻቸው። ውጤቱንም ስማቸውን ሰውራ በዘርፉ አንቱ ለተባሉ ባለሙያዎች አቀረበች። የትኛው የማን እንደሆነ ለይተው ማወቅ አልቻሉም። ጥናቱ በ1957 ታተመ።

እዚህ ላይ ግን ጉዳዩ አላለቀም። ሕመም ካልሆነ ለምንድን ነው ብዙ ጥናት በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ድባቴን፣ ጭንቀትን፣ የመጠጥ ሱስን፣ ራስን የማጥፋት ሙከራን ከሌላው ሕዝብ በበለጠ ቁጥር የሚያገኘው? ይህንን ጥያቄ አጥብቆ የያዘው ኢላን ሜየር የተባለ ተመራማሪ ነው። በ1995 በኒውዮርክ በሚኖሩ 741 ወንዶች ላይ ባሳተመው ጥናትና በ2003 ባስፋፋው ጽሑፉ መልሱን ከሰውየው ውስጥ ሳይሆን ሰውየው ከሚኖርበት ዙሪያ ፈለገው። ስድቡ፣ ድብደባው፣ ከሥራ መባረሩ አለ። እሱ ባይመጣ እንኳ ዛሬ ይመጣል ብሎ መጠበቅ አለ። እንዳይመጣ ደግሞ መደበቅ አለ። ከሁሉ የከፋው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማውን ነቀፋ ሰውየው አምኖ በራሱ ላይ መፍረዱ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያዋርደው ሌላ ሰው አያስፈልገውም።

ይህ ለማመን አይከብድም። እኔን ያስገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

የሚናቅ ሰው ራሱን ይንቃል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ጥናቱ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይልም። ሞሪስ ሮዘንበርግና ሮበርታ ሲመንስ በ1971 ባሳተሙት ጥናት የባልቲሞር ጥቁር ተማሪዎች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ከነጮቹ ያነሰ ሆኖ አላገኙትም። ጄኒፈር ክሮከርና ብሬንዳ ሜጀር በ1989 ምክንያቱን ሲያብራሩ፣ የተናቀ ሕዝብ የራሱ መከላከያ አለው አሉ። ስድቡን የተሳዳቢው ክፋት አድርጎ ይወስደዋል እንጂ የራሱ ጉድለት አድርጎ አይቀበለውም። ራሱን የሚያወዳድረውም ከገዛ ወገኑ ጋር ነው።

ይህንን በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ከቤተ እስራኤላውያን የተለገሰ ደም በምስጢር እንደሚጣል ሲታወቅ ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ የወጣው አንድ የተከፋ ወጣት አልነበረም፤ ሽማግሌው፣ ወታደሩ፣ ነጠላ የለበሰችው እናት በሺህ ተሰልፈው ወጡ። በቆዳው ቀለም የተሰደበ ልጅ ቤቱ ሲገባ እናቱም፣ አባቱም፣ አያቱም ያንኑ ስድብ ቀምሰውታል። «ተወው፣ ክፋቱ የእነሱ ነው» የሚለው ሰው ከደጅ እስከ ጓዳ ሞልቷል።

ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅር ልጅ ይህ የለውም። ከትምህርት ቤት ነቀፋውን ተሸክሞ ሲመጣ ቤት የሚጠብቀው ያው ነቀፋ ነው፤ በቴሌቪዥን ስለ እንዲህ ያለ ሰው ሲወራ «እግዜር ይሰውረን!» የምትለው እናቱ ናት። እሷ ስለማታውቅ አትወቀስም። ልጁ ግን ሰምቷታል።

በሃርቫርድ የተሠራ አንድ ጥናት ይህንን በጉልህ ያሳያል። ዴቦራ ፍሬብልና ባልደረቦችዋ በ1998 ባሳተሙት በዚህ ጥናት ተማሪዎች ለ11 ቀናት በየጊዜው ስሜታቸውንና ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት እንዲመዘግቡ ተደረገ። ከእነሱ መካከል የሚነቀፉበት ነገር በዓይን የሚታይባቸው ነበሩ፤ ሊደበቅ የሚችል ነገር ያላቸውም ነበሩ፣ ማለትም ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች፣ በልተው የሚያስመልሱና ከድሃ ቤተሰብ የመጡ። መደበቅ የሚችሉት የተሻለ ዕድል ያላቸው ይመስላል። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የሰጡት፣ ስሜታቸውም ይበልጥ የጨለመው መደበቅ የሚችሉት ናቸው። ስሜታቸው ቀና የሚለው እንደ እነሱ ካለ ሰው ጋር ሲሆኑ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የማግኘት ዕድላቸው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ እነሱ እንደሚደበቁ ሌላውም ይደበቃላ!

መደበቅ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። አማርኛ የሚናገር ሰው ያፈቀረውን ሰው በጨዋታ መሐል ሲያነሳ ግሡ ራሱ ያጋልጠዋል። «ትናንት ደውሎልኝ» ሊል የነበረ ወንድ «ደውላልኝ» ማለት አለበት፤ ያንን ያለ ቀን ደግሞ ስም ያወጣላታል፣ ሥራ ይሰጣታል፣ ለማን ምን እንዳለም ያስታውሳል። በበዓል ቀን አክስቱ ጉንጩን ስማ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ፣ ልጅህን ለመሳም ያብቃኝ» ስትለው አሜን ይላል። ምርቃቱ ከልብ ነው፤ የሚመረቀው ግን እሱ ሳይሆን አክስቱ አለ ብላ የምታስበው ሰው ነው። ፍቅር ሁሉ በዚህ መንገድ አልፎት ለሌላ ሰው ይደርሳል። ይህን ለዓመታት የኖረ ሰው «ቢያውቁኝ ኖሮ አይወዱኝም ነበር» ብሎ ቢደመድም ምን ይገርማል?

ጉዳቱ ሥጋም ድረስ ይዘልቃል። በሎስ አንጀለስ ስቲቭ ኮልና ባልደረቦቹ ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸውን 80 ወንዶች ለዘጠኝ ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ማንነታቸውን በሚደብቁት ላይ በሽታው ከሌሎቹ ፈጥኖ ይገሰግስ ነበር።

ነቀፋውን ሕግ ሲያትመው ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ደግሞ ያልታሰበ አጋጣሚ ተገኘ። በአሜሪካ ከ34 ሺህ በላይ ሰዎች የተጠየቁበት የአእምሮ ጤና ጥናት በ2001 እና 2002 ተካሂዶ፣ እነዚያው ሰዎች በ2004 እና 2005 ዳግመኛ ተጠየቁ። በሁለቱ መሐል 16 ግዛቶች የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የሚከለክል አንቀጽ በሕገ መንግሥታቸው አስገብተው ነበር። ተመራማሪው ማርክ ሃትዘንቡለር ቁጥሮቹን ሲመረምር፣ በእነዚያ ግዛቶች በሚኖሩ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ላይ የስሜት መታወክ በ36.6 በመቶ፣ የመጠጥ ችግር በ41.9 በመቶ ጨምሯል፤ አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል። ክልከላው ባልተደነገገባቸው ግዛቶች ጉልህ ጭማሪ አልታየም። በእነዚያ ሰዎች ጓዳ የገባ ፖሊስ የለም፤ ሕጉም ትላንት የነበራቸውን የጋብቻ መብት አልነጠቃቸውም። ጎረቤት ድምፅ ሲሰጥ፣ ሬዲዮው ስለ እነሱ ሲከራከር መስማት ብቻ በቂ ነበር።

በአገራችን ሕጉ ከዚህ ይከብዳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። ከሕጉ ይልቅ በየቤቱ የሚፈራው ግን የሰው አፍ ነው። ነውር የቤተሰብ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ በቡታጅራ የተሠራ ጥናት ያሳየናል። ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ያላቸውን 178 የቤተሰብ አባላት ጠይቀው፣ ሦስት አራተኛው መገለል እንደሚሰማቸው፣ 37 በመቶው ሕመሙን ከሰው ሊሸሽጉ እንደሚፈልጉ አገኙ። ገመናን መሸፈን እናውቅበታለን። ያ ቤተሰብ ግን የሚሸሽገውን ልጅ አብሮት ይዞ ነው፤ ይታመማል፣ ያስታምማል። ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ልጅ ስናወራ ልጁ የሚደበቀው ከዚያው ከሚሸሽገው ቤተሰብ ነው።

በሳን ፍራንሲስኮ ኬትሊን ራያን የምትመራው ቡድን የቤተሰብን ድርሻ በቁጥር አስቀምጦታል። በ2009 በታተመው ጥናት 224 ወጣቶች በጉርምስናቸው ወላጆቻቸው ምን እንዳደረጉ ተጠየቁ፤ መምታት፣ ከዘመድ ግብዣ ማስቀረት፣ ጓደኛ መከልከል፣ «እግዚአብሔር ይቀጣሃል» ማለት፣ ነገሩን ጨርሶ እንዳይነሳ ማድረግ። ብዙ የተገፉት ጥቂት ወይም ምንም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩበት መጠን 8.4 እጥፍ፣ ከባድ ድባቴ የታየባቸው ደግሞ 5.9 እጥፍ ነበር።

ቤተሰብ የሚገፋው ስለሚጠላ አይደለም፤ ይህን ደፍሬ እጽፈዋለሁ። አብዛኛው ወላጅ ልጁን ሊያድን ነው የሚሞክረው። የእኛ ቤተሰብ ሲጨነቅ የንስሐ አባት ይጠራል፣ ጸበል ይወስዳል፣ ጾም ይይዛል፤ በሌላ አገር ያለውም በራሱ መንገድ ያንኑ ያደርጋል። ራያን በ2018 ያሳተመችው ጥናት እንዲህ ያለውን ልጅን ለመለወጥ የሚደረግ ሙከራ ተመልክቷል። ማንም ሊለውጣቸው ካልሞከረ ወጣቶች መካከል ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት 22 በመቶ ነበሩ። ወላጆቻቸው የሞከሩባቸው 48 በመቶ። ከወላጅ ሌላ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሃይማኖት አባት የተላኩት 63 በመቶ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ቢያያቸው እወዳለሁ። በ1973 ለውጥ በሐኪሞቹ ማኅበር ዋና ሚና የተጫወተው ሮበርት ስፒትዘር ራሱ፣ በ2003 «መለወጥ ይቻላል» የሚል ጥናት አሳትሞ፣ በ2012 ማስረጃው እንደማይበቃ አምኖ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

ከራያን ሥራ ያጽናናኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ወላጅ እምነቱን ሳይለውጥ ጠባዩን ጥቂት ቢለውጥ የልጁ አደጋ ይቀንሳል። በመካከለኛ ደረጃ የተገፉት ልጆች አጥብቀው ከተገፉት እጅግ በተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኝተዋል። ልቡ ያዘነ አባት ልጁን ካልመታ፣ ከቤት ካላባረረ፣ በሰው ፊት ካላዋረደ፣ ያ ሁሉ በልጁ ሕይወት ላይ ይቆጠራል።

ከአገር የወጣው ምን ይገጥመዋል? እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከሴራሊዮን፣ ከኡጋንዳና ከሴኔጋል በመጡ ሦስት ጥገኝነት ጠያቂዎች ጉዳይ፣ ሰው አገሩ ተመልሶ ራሱን ደብቆ እንዲኖር ሊጠየቅ አይገባም ሲል ወሰነ። መደበቅ ራሱ ሸክም መሆኑን ሕግ አወቀ ማለት ነው። የሚያሳዝነው ግን ዕድሜውን ሙሉ እንዲደብቅ የተማረ ሰው፣ ፊቱን አይቶት በማያውቅ የኢሚግሬሽን ሹም ፊት በአንድ ከሰዓት ሁሉንም እንዲናገር፣ ያውም ሳይምታታበት እንዲናገር መጠየቁ ነው። አንዳንድ አገሮች ቃሉን ከማመን ይልቅ ወደ ሥነ ልቦና ፈተና ሄዱ። በሃንጋሪ አንድ ናይጄሪያዊ ዝናብ ላይ የቆመ ሰው እንዲስል ተደርጎ፣ የሮርሻክ የቀለም ጠብታ ቀርቦለት፣ «የተባለውን ነው ማለት አይቻልም» ተባለ። ኤቭሊን ሁከር ይህ ፈተና ማን ማንን እንደሚያፈቅር እንደማይለይ ካሳየች ስድሳ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2018 አሠራሩን ከለከለ።

ለአማርኛ ተናጋሪው ግን ከፈተናውም በፊት፣ ሕክምና ሲፈልግ ጭምር የሚመጣ ፍርሃት አለ፤ አስተርጓሚው። ዋሽንግተን ላይ ይሁን ፍራንክፈርት፣ ሐኪሙ ዘንድ የሚቀመጠው አስተርጓሚ እሁድ በቤተ ክርስቲያን የሚያገኘው፣ ወይም የአጎቱ ልጅ ሰርግ ላይ አብሮት የጨፈረ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙው «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «ራሴን ያመኛል»፣ «ልቤ ይመታል» ብሎ ይመለሳል፤ ሐኪሙም የሚያክመው ራስ ምታቱን ነው። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ታካሚው ዘመድ እንዲያስተረጉምለት አይገደድም። በአካል የሚመጣውን ካልፈለገ በስልክ፣ ከሌላ ከተማ የሚያስተረጉም ሰው እንዲደወልለት ሊጠይቅ ይችላል፤ ስሙን ለአስተርጓሚው መንገር አያስፈልገውም፣ አስተርጓሚውም የሰማውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።